ከጠርሙሱ ሥር የተገኘው ጨው

ሬሳ ቤት አስተኝቶ፣ ፍትሐት ከልክሎ፣ «ራሱን ነው ያጠፋው» እያለ በየሱቁ ደጃፍ የሚንሾካሾክ ከተማ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ግንቦት 1982 ላይ አሰበ ተፈሪ አልነበራችሁም። አገሬው ጭሮ የሚላት ያቺ ከተማ፣ ጫት የጫኑ መኪኖች እያጓሩ ሲያልፉባት ቀና ብላ የማታይ፣ የሰው ስም ሲጠፋ ግን ጆሮዋ የሚቆም ከተማ፣ ያን ቅዳሜ አንድ ስም ብቻ ስታላምጥ ዋለች። የኬሚስትሪ መምህሩን የተሻለን ስም።

ያገኘው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሐምዛ ነው። ጠዋት ግቢውን ሲዞር የቤተ ሙከራው በር እንደወትሮው በቁልፍ አለመዘጋቱን አየ፤ ገፋ ሲያደርገው የበረኪና ሽታ ፊቱን መታው። መምህሩ ወለሉ ላይ በጎኑ ወድቋል። መስኮቶቹ ሁሉ ድርግም ብለው ተዘግተዋል። ጠረጴዛው ላይ አፉ ሰፊ የሆነ ትልቅ ጠርሙስ አለ፤ ከሥሩ አንድ እፍኝ ጨው ተቀምጧል። ሰሌዳው ላይ ደግሞ በትልልቁ ተጽፏል፤ ሶዲየም ሲደመር ክሎሪን፣ ቀስት፣ ከቀስቱ ወዲያ ጨው።

ርዕሰ መምህሩ በላይነህ ተጠርቶ መጣና ከደጃፉ ቆሞ አየው። ክሎሪን መርዝ መሆኑን፣ ሟቹ ለሰኞ ትምህርት የሚሆነውን ሙከራ አስቀድሞ ሠርቶት እንደነበር፣ ጨዉም ምስክር መሆኑን ለተሰበሰበው ሰው አስረዳ። መስኮቶቹ ለምን እንደተዘጉ ሲጠየቅ ትከሻውን ሰበቀ። ከተማው ግን ትከሻ አልሰበቀም። በሽተኛ ነበር፣ ከሰው መነጋገር ትቶ ነበር፣ በገዛ እጁ ዘግቶት ነው ተባለ። ወሬው ከሬሳው ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ።

መቶ አለቃ ቡሽራ ወደ ለቅሶው ቤት ሲመጣ ድንኳን ተተክሏል፤ እድርተኛው ተቀምጧል፤ ነገር ግን አንድም ዲያቆን የለም። ቡሽራ የበደሳ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ የክብሪት እንጨት እያኘከ የሚያስብ፣ ሰው ሲናገር ዓይኑን ከአፉ የማይነቅል የፖሊስ መርማሪ። ሚስቲቱ ወለተሥላሴ ከሬሳው ራስጌ ቁጭ ብላለች። እንባ የላትም።

«መቶ አለቃ፣ ባለቤቴ አስም ነበረበት። በክረምት እንኳ ብርድ እያንቀጠቀጠኝ መስኮት ከፍቶ ነው የሚተኛው። እንዲህ ያለ ሰው መስኮት ዘግቶ በጋዝ ይሞታል ብለው ያምናሉ?»

«እኔ እስካሁን ምንም አላመንኩም።»

«እነሱ አምነዋል።» በአገጯ ወደ ድንኳኑ ጠቆመች። «እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እንደ ሰው ይቀበር። ጸሎት ተደርጎለት፣ ከአባቶቹ እንደ አንዱ። ያለ ፍትሐት አፈር አላለብሰውም፤ እዚሁ ከእኔ ጋር ይቀመጣል።»

መምሬ ኃይሉ ድንኳኑ ጥግ ላይ መቋሚያቸውን ይዘው ቆመዋል። ሰውየው ክፉ አይደሉም። ራሱን ላጠፋ ሰው ሥርዓቱ እንደማይፈቅድ፣ እሳቸው እንዳልፈረዱ፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ነገሩ ካልጠራ ሬሳው ከቅጥሩ ውጭ እንደሚቀበር ለቡሽራ ነገሩት። ቡሽራ ወሬውን መጀመሪያ ማን እንደነገራቸው ጠየቀ። ሰው ሁሉ ይለዋል አሉ።

«ሰው ሁሉ አብሮ ተነሥቶ እርስዎ ቤት አልመጣም፣ መምሬ። መጀመሪያ የመጣ አንድ ሰው አለ። እስከ ነገ ያስቡበት።»

ከጤና ጣቢያ የተጠራችው ሲስተር ሙሉዓለም ሬሳውን ጠዋት አይታው ነበር፤ ዓይኑ ደም ለብሷል፣ ክፍሉ ይሸታል፣ ጋዝ ነው ሲሏት ተቀብላ ሄደች። ቡሽራ እንደገና እንድታይ ለመናት። ከንፈሩን ገልጣ አሳየችው። ከውስጥ በኩል በጥርስ ተቆርጧል።

«ሰው አፉን በኃይል ሲጫኑት እንዲህ ይሆናል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን ሲጨነቅ ራሱ ነክሶት ሊሆን ይችላል። መሐላ ብትጠይቀኝ አልምልም።»

ስለዚህ ቡሽራ ወደ ክፍሉ ሄደ።

ስለዚያ ክፍል ጭሮ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ የሚያወራም የለም። በ1970 ቀበሌው እስር ቤት ሲጠበው ተማሪ የታጎረው እዚያ ነው። መስኮቶቹ በሳንቃ ተቸንክረው ነበር። በኋላ ግድግዳው ኖራ ተቀባ፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ግን ኖራው ይረጥብና ከሥሩ በጥፍር የተጫረው ይወጣል። ሴት ተማሪዎች በዚያ በኩል ብቻቸውን አያልፉም። መምህራን እርስ በርስ «ያ ቤት» ይሉታል እንጂ ቤተ ሙከራ ብለው አይጠሩትም። ሳንቃውን በገዛ እጁ ነቅሎ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ ለትምህርት ያዋለው ተሻለ ነበር። በየዓመቱም አንድ ቀን መስኮቶቹን በሙሉ ይከፍትና አዲስ ተማሪዎችን ሰብስቦ በዓይናቸው ፊት ጨው ይሠራል። የከተማው ልጅ «ጨው የሚሠራበት ቀን» ይለዋል። ርዕሰ መምህሩ ብቻ ያን ቀን ሁልጊዜ ስብሰባ አለበት።

ቡሽራ ብቻውን ገባ። ግንቦት ሆኖ ክፍሉ ይበርዳል። አንድ ሰው ከጀርባው ትንፋሹን ይዞ የቆመ መሰለው፤ ዞረ፤ የረጠበ ግድግዳ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ አንድ እጅ ከሌላው በላይ፣ ከዚያም በላይ እየሆነ ወደ መስኮቱ የሚወጣ የጥፍር መስመር አለ። ዓይኑን ከዚያ ላይ ነቅሎ ወደ ጠረጴዛው አዞረ።

ሶዲየሙ በላምባ ውስጥ ተዘፍዝፎ ተቀምጧል፤ ብረት ሆኖ ሳለ አየርና ውኃ ስለማይችል እንዲያ ነው የሚቀመጠው። ዙሪያውን አመድማ ቅርፊት ይዟል። በረኪናው ወለሉ ላይ ፈስሷል። ክሎሪኑን ከበረኪናው የሚያስለቅቀው የሌላው ፈሳሽ ጠርሙስ ግን ክዳኑ በሰም እንደታሸገ ነው። ጨው የያዘውን ጠርሙስ ወደ ብርሃን አነሣው። ጎኑ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው፤ ጨዉ ከሥር ተቀምጧል፤ ጥሬ ጥሬ ነው፤ ቀላ ያለ አፈር ነካ ያደርገዋል።

ቡሽራ መጀመሪያ ምንም እንግዳ ነገር አላየበትም። ሶዲየም ሲደመር ክሎሪን ጨው ይሰጣል፤ በደሳ ተማሪ ሳለ ሃምሳ ሆነው በአንድ ድምፅ ያነበነቡት ነው፤ ያስነበነባቸውም፣ በ1970 ለቀበሌ ሥራ ወደ ጭሮ ከመምጣቱ በፊት፣ በደሳ ያስተምር የነበረው ይኸው በላይነህ ነው። ይህች አገር ልጆቿን ስለ እሳት በጠመኔ ስታስተምር፣ ስለ ባሕር በሰሌዳ ስታስተምር ኖራ፣ አላያችሁም ብላ የምትወቅሳቸው ናት። ቡሽራም ጨው ሲሠራ አይቶ አያውቅም። ደግነቱ አለማየቱን ያውቃል። ስለዚህ ያዩትን ሊጠይቅ ወጣ።

ሐምዛን በዘበኛ ቤቱ አገኘው። በኦሮምኛ ነው ያወሩት። ሽማግሌው ሆጃ አፍልቶ፣ የቡናውን ቅጠል በወተት አድርጎ፣ ጨው ከቆርቆሮው በጣቱ ቆንጥሮ ጨመረበት። ቡሽራ ቆርቆሮውን ተመለከተ። ጥሬ ጥሬ ጨው፣ ቀላ ያለ አፈር የነካው።

«ጋሽ ሐምዛ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ጨው የእርስዎ ነው።»

ሽማግሌው ሲኒውን አስቀመጠ። «ወላሂ እኔ አላስገባሁም። ዓርብ ጁምዓ ልሰግድ ስወጣ ቤቴ ክፍት ነበር። ርዕሰ መምህሩ ሂድ ስገድ፣ የግቢውን በር እኔ አያለሁ ብሎኝ ቁልፉን ተቀበለኝ። ስመለስ ቁልፉ በሩ ላይ ነበር፤ እሱ ሄዷል።»

«መምህር ተሻለ ጨው ከሠራ በኋላ ጠርሙሱን ማን ያጥባል?»

«እኔ ነኝ እንጂ። በየዓመቱ ይረግመኛል፣ ቀስ በል ይሰበራል እያለ። ጎኑ ላይ እንደ ጉም ይጣበቃል፤ በውኃ ካልሆነ አይለቅም።» ትንሽ ፈገግ አለ፤ ወዲያው ፈገግታው ጠፋ። «አቦ፣ እኔን ልታስረኝ ነው?»

ቡሽራ ሆጃውን ጠጣለት።

ወጣቱ የሳይንስ መምህር አሰግድ ተቆጥቶ ነው የተቀበለው። ሐሙስ ዕለት ከሟቹ ጋር ሲጯጯህ ግማሽ ትምህርት ቤት ሰምቶታል፤ ዘንድሮ ጨዉን እኔ ልሥራ ብሎ ጠይቆት ተሻለ እምቢ ብሎታል። ዓርብ ከሰዓት ሊታረቅ ተመልሶ መጥቶ እንደነበር፣ የግቢው በር ግን ከውስጥ ተቆልፎ ስላገኘው እንደተመለሰ ነገረው። ማንም እንደማያምነውም ጨመረበት።

«ሲሠራ አይተኸው ታውቃለህ?»

«ተማሪው ነበርኩ እኮ። እዚያው ክፍል፣ ፊት ወንበር ላይ። ቢጫ እሳት ይነሣል፣ ነጭ ጢስ ጠርሙሱን ይሞላዋል፣ ከዚያ ጎኑ ላይ ይቀመጣል። ከሥር አሸዋ ያደርግበታል፣ ትኩሱ ብረት ከወደቀ ጠርሙሱ እንዳይሰነጠቅ።» ቁጣው በረደ። «ሰሌዳው ላይ ደግሞ ቀድሞ ቃል አይጽፍም። ያላያችሁትን አትጻፉ ይለን ነበር። ካየን በኋላ እኛው ነን የምንጽፈው።»

በላይነህ ቢሮው ውስጥ በክብር ነው የተቀበለው። የቀድሞ ተማሪው መቶ አለቃ በመሆኑ እንደሚኮራ ነገረው። ግዙፍ ሰው ነው፤ ወንበሩ ሲጢጥ ይላል። ዓርብ ቁልፉን በሩ ላይ ትቶ በጊዜ ቤቱ እንደሄደ፣ ሟቹን እንዳላየው ተናገረ። ሐምዛ ግን ሊታሰብበት እንደሚገባ ሳይጠቁም አላለፈም።

«መምህር፣ አንድ ነገር ያስታውሱኝ» አለ ቡሽራ። «በደሳ ያስተማሩን ነው። ሙከራው ሲያልቅ ጨዉ የት ነው የሚገኘው?»

«ከሥር ነዋ። ክብደት አለው፤ ይዘቅጣል።» በላይነህ እንደ ድሮው ጣቱን ቀሰረ። «ረሳኸው እንዴ?»

«አልረሳሁትም። እንዲሁ ነበር የገባኝ።»

ሲወጣ በአጥሩ ሥር አንዲት አሮጊት ተቀምጣ አገኘ። ዙለይኻ ናት። ልጇ አብዱልቃዲር በ1970 ከዚያ ክፍል ከወጣ በኋላ አልታየም፤ እሷም ገበያ በወጣች ቁጥር አጥሩን ሳትነካ አታልፍም። ሕፃናቱ ይፈሯታል፤ ከተማው እንደ አጥሩ ምሰሶ ለምዷታል። ቡሽራ በአክብሮት «አደ ዙለይኻ» ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ። ሟቹ ሐሙስ እንዳናገራት ነገረችው።

«ልጅሽን ስሙን ጠርቶ ያወጣውን ሰው አይቻለሁ አለኝ። ያኔ ፈርቼ ነበር፣ አሁን ደረቴ ሊገድለኝ ነው፣ ይዤው አልቀበርም አለኝ። ስሙን ንገረኝ አልኩት። እምቢ አለ። ሰውየው ራሱ ይንገርሽ፣ እስከ ሰኞ ጊዜ እሰጠዋለሁ፣ ካልነገረሽ እኔ እነግርሻለሁ አለኝ።» መሬቱን በእጇ ዳሰሰች። «ልጄ፣ ሰኞ አሁን ማን ይነግረኛል?»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡሽራ ሁሉንም ወደ ክፍሉ ጠራቸው። መምሬ ኃይሉ መጡ፤ ሲስተር ሙሉዓለም፣ ሐምዛ፣ ዙለይኻ መጡ። ወለተሥላሴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። መስኮቶቹ ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ የለቅሶው ሰው ከውጭ ተደርድሮ ያያል። በላይነህ መጨረሻ ላይ መጣና ደጃፉ ላይ ቆመ። ቦታ እንዳለ ቢነገረውም ከዚሁ ይታየኛል አለ።

ሙከራውን የሠራው አሰግድ ነው። ጠርሙሱ ሥር አሸዋ አደረገ፤ ቢጫ አረንጓዴ የሆነውን ጋዝ በመስኮቱ አጠገብ ሞላበት። ከሶዲየሙ በቢላ ቆረጠ፤ ቅርፊቱ ተከፍሎ ውስጡ እንደ አዲስ ብር አበራ። በረጅም ማንኪያ ላይ አቅልጦ ወደ ጠርሙሱ አወረደው። ቢጫ እሳት ተነሣ። ክፍሉ ሁሉ፣ ግድግዳው ላይ ያለው የጥፍር መስመር ሳይቀር በዚያ ብርሃን ታየ፤ ከውጭ የቆመው ሰው ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከዚያ ነጭ ጢስ ጠርሙሱን ሞላው። ጢሱ ሲረጋ የጠርሙሱ ጎን ከአፉ እስከ ወገቡ በነጭ ተሸፍኗል። በውስጡ ምንም አይታይም።

ቡሽራ ያንንና የትናንቱን ጠርሙስ ጎን ለጎን አቆማቸው።

«ጨው ሲወለድ እንዲህ ነው» አለ። «ከሁለት ክፉ ነገሮች ነው የሚወለደው፤ አንዱ ዓይን ያጠፋል፣ ሌላው ትንፋሽ ይዘጋል። ሲጋጠሙ እሳት ይሆናሉ፤ እሳቱ ሲያልቅ ጢሱ ጎን ላይ ይቀመጣል። የትናንቱ ጠርሙስ ጎኑ ንጹሕ ነው። አሸዋም የለውም። ሶዲየሙ አልተቆረጠም ነበር፤ ዙሪያውን ቅርፊት እንደለበሰ ነው ያገኘሁት። ጋዙን የሚያስለቅቀው ጠርሙስ ከነሰሙ ነበር። ወለሉ ላይ የፈሰሰው በረኪና ብቻ ነው፤ በረኪና ደግሞ ይሸታል እንጂ ብቻውን ሰውን እንዲህ አይገድልም። ስለዚህ እዚህ ክፍል ዓርብ ዕለት ጋዝ አልነበረም። ባልነበረ ጋዝ ራሱን የገደለ ሰው የለም።»

ወለተሥላሴ ዓይኗን ጨፈነች። ሲስተር ሙሉዓለም የከንፈሩን ነገር፣ ሳትጠየቅ፣ ለሁሉም ጮክ ብላ ተናገረች፤ አሁን እምላለሁ አለች።

«ታፍኖ ነው የሞተው» ቀጠለ ቡሽራ። «ከዚያ ገዳዩ መስኮቱን ዘጋ፣ በረኪና ደፋ፣ ሙከራው ተሠርቷል ለማሰኘት ከጋሽ ሐምዛ ቆርቆሮ ጨው ዘግኖ ጠርሙሱ ውስጥ ጨመረ። ሰሌዳውም ላይ ጻፈ። መምህር ተሻለ ግን ተማሪዎቹ ሳያዩ አይጽፍም። ታዲያ ማን ነው? ጋሽ ሐምዛ ቢሆን ጎኑንም ጨው ይቀባው ነበር፤ በየዓመቱ የሚያጥበው እሱ ነው። አሰግድም ቢሆን እንደዚሁ፤ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ አይቷል። ከዚህ ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ አይቷል። ይህን ስሕተት የሚሠራው ቀስቱን በቃሉ የሚያውቅ፣ እሳቱን ግን አንድም ቀን ያላየ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሁለት ነው። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላው እኔን ያስተማረኝ ነው።»

ሁሉም ወደ ደጃፉ ዞሩ።

«ቀልድ ነው» አለ በላይነህ። «ጨው አይቶ ሰው ይከሰሳል?»

«ጨው ብቻ አይደለም። የግቢው ቁልፍ እጅዎ ላይ ነበር፤ አሰግድ ሲመጣ በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። እርስዎ ግን ቁልፉን በሩ ላይ ትቼ በጊዜ ሄድኩ አሉኝ። መምሬ፣ ትናንት ያሰቡበትን ይንገሩን።»

መምሬ ኃይሉ መቋሚያቸውን ጨበጡ። ወሬውን ይዞ መጀመሪያ ቤታቸው የመጣው በላይነህ እንደሆነ፣ አዝኖ ስላገኙት እንዳመኑት፣ ለዚህም ይቅርታ እንደሚጠይቁ ለወለተሥላሴ ነገሯት።

«መምህር» አለ ቡሽራ፣ ድምፁ እንደ ተማሪ ዝቅ ብሎ፣ «እዚህ ትምህርት ቤት ይህን ሁሉ ዓመት ሲኖሩ በየዓመቱ ጨው ይሠራል። ተማሪው ሁሉ ተሰብስቦ ያያል። እርስዎ ግን ያን ቀን ሁልጊዜ ስብሰባ አለብዎት። ለምን ወደዚህ ክፍል ገብተው አያውቁም? ዓርብ ሟቹ እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጠዎት፤ እሱን ለመግደል ብቻ ለአንድ ቀን ገቡ። ይኸው ዛሬም ደጃፉ ላይ ነዎት። ኬሚስትሪውን ያላዩት እዚህ ስላልገቡ ነው፤ እዚህ ያልገቡት አብዱልቃዲርን ስሙን ጠርተው ካወጡት ቀን ጀምሮ ነው። ካልሆነ ይግቡ። ሦስት እርምጃ ነው።»

በላይነህ እግሩን አነሣ። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ወዳለው የጥፍር መስመር ሄደ። እግሩን መልሶ እዚያው አሳረፈው።

ዙለይኻ አልጮኸችም። ታየው ነበር፣ አጥሩን ስታይ እንደኖረችው።

መምሬ ኃይሉ ዲያቆናቱ እንዲመጡ፣ ፍትሐቱ አሁኑኑ እንዲጀመር አዘዙ። ቡሽራ የበላይነህን ክንድ ይዞ በጓሮ በኩል ወደ መኪናው ሊወስደው ሲል ወለተሥላሴ መንገዱ ላይ ቆመች።

«በጓሮ አይሄድም» አለች። «ባሌን ያማው በጆሮ ነው፤ ይህች ከተማም በጆሮዋ ነው የተቀበለችው። አሁን በጆሮ አይበቃኝም። ድንኳኑ መሐል ይቁም፤ ሬሳው ከፊቱ ይሁን፤ ራሱን አጠፋ ያላችሁ ሁሉ ደግሞ ቀና ብላችሁ ስሙት።» የዙለይኻን እጅ ያዘችና ወደ እሱ ዞረች። «ጓድ በላይነህ፣ ባሌን ማን ገደለው? የዚችንስ ልጅ ጠርተህ የት አደረስከው? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ጮክ ብለህ፣ ለሁለታችንም መልስ።»